«ስቴት» በአማርኛ ምን ይባላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት ወረዳ፣ ለመንገድ ሥራ ከእርሻቸው የሚነሡ ገበሬዎችን ሊያነጋግር የመጣ አንድ የውጭ አገር ባለሙያን ተከትዬ በአስተርጓሚነት ሄጄ ነበር። ስብሰባው የተደረገው በአንድ ትልቅ ግራር ሥር ነው። ጥቂት ሰዎች ከተናገሩ በኋላ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እንዲህ አሉ፦

«ይህችን መሬት የሰጠኝ መንግሥት ነው። ያ መንግሥት ሲሄድ የመጣው መንግሥት ደብተር ሰጠኝ። አሁን ደግሞ መንግሥት መጥቶ ልቀቅ ይለኛል። እኔ መንግሥትን አልቃወምም። ግን መንግሥት የሰጠውን መንግሥት ሲነጥቅ፣ ለየትኛው መንግሥት ነው አቤት የሚባለው?»

ሁሉንም «መንግሥት» በ«ገቨርንመንት» እየተካሁ ተረጎምኩ። ባለሙያው ጽሕፈቱን አቆመና ግንባሩን ቋጠረ። «እስኪ ጠይቅልኝ፤ እኚህ ሰው የሚሉት ስቴትን ነው ወይስ ገቨርንመንትን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ወደ ሽማግሌው ዞርኩና አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፦ «አባቴ፣ መንግሥት ሲሉ… መንግሥትን ማለትዎ ነው ወይስ መንግሥትን?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው አልሳቁም። በሐዘኔታ አዩኝና «ልጄ፣ መንግሥት ያው መንግሥት ነው። አንተ የተማርከው ሌላ ካለ ንገረን» አሉኝ።

ምንም አልነገርኳቸውም። ወደ ባለሙያው ዞሬ፣ ከእፍረቱ ለመገላገል ያህል፣ «ስቴትን ማለታቸው ይመስለኛል» አልኩና ስብሰባው ቀጠለ። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ለእኚያ ሽማግሌ የዘገየ መልስ ነው ብትሉት አልቀየምም። የቋንቋ ጨዋታ የሚወድ ሰው ይደሰትበት ይሆናል፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጨዋታው አይደለም። አንድ ሕዝብ የሚገዛውን አካልና የራሱ የሆነውን አካል በአንድ ቃል የሚጠራ ከሆነ፣ አንዱን ሲነቅፍ ሌላውን የከዳ መምሰሉ አይቀርም። እኛ ከዚህ ጣጣ አልወጣንም ባይ ነኝ።

በቅድሚያ ለእንግሊዝኛው ፍርድ እንስጥ፤ «ስቴት» ንጹሕ ቃል አይደለም። ሥሩ የላቲኑ «ስታቱስ» ነው፤ አቋም፣ አኳኋን፣ ይዞታ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የሰው ማዕረግና ሀብት፣ የማኅበረሰብ መደብም ተሰይሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1789 በቬርሳይ የተሰበሰቡት ሦስቱ የፈረንሳይ «ኤታ»ዎች መደቦች እንጂ አገሮች አልነበሩም። ማኪያቬሊ እ.ኤ.አ. በ1513 ስለ ልዑላን በጻፈው መጽሐፍ «ስታቶ» የሚለውን ቃል በየገጹ ይጠቀማል፤ ይሁን እንጂ አንዳንዴ የልዑሉን ሥልጣን፣ አንዳንዴ የያዘውን ምድር፣ አንዳንዴ ደግሞ ከእርሱ ውጭ የቆመ የሚመስል ሌላ ነገር ያመለክትበታል። ቃሉ ከሰውየው ተላቅቆ ለብቻው እስኪቆም ድረስ አውሮፓውያን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ሉዊ 14ኛ «ስቴት ማለት እኔ ነኝ» አለ ተብሎ የሚነገረው፣ በእርግጥ ለማለቱ አስተማማኝ ማስረጃ ባይኖርም፣ ተወርቶ የቀረው ሰዎች በዚያ ዘመን ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ማሰብ ጀምረው ስለነበር ይመስለኛል። የሚያስገርም አባባል የሚሆነው ሁለቱ ነገሮች ሊለያዩ እንደሚችሉ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነዋ! በአማርኛ «መንግሥት ማለት ንጉሡ ነው» ብንል ማን ይደነግጣል?

የዛሬው እንግሊዝኛም ቢሆን አስተርጓሚን ያሰቃያል። «ስቴት» አገር ነው፤ የአገር ክፍልም ነው፤ ሁኔታም ነው፤ ግስ ሲሆን ደግሞ መናገር፣ መግለጽ ነው። የአሜሪካ ገዥዎች በየዓመቱ ለምክር ቤቶቻቸው «ስቴት ኦቭ ዘ ስቴት» የሚባል ንግግር ያደርጋሉ፤ የመጀመሪያው «ስቴት» ሁኔታ፣ ሁለተኛው ግዛት ነው። አንድ ትልቅ ሰው ሞቶ አስከሬኑ ሕዝብ እንዲሰናበተው በክብር ሲቀመጥ «በስቴት ተጋደመ» ይሉታል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ግርማ፣ ክብር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 ከእንግሊዝ የተገነጠሉት 13 ቅኝ ግዛቶች ራሳቸውን «ስቴት» ያሉት ነጻ አገሮች ነን ለማለት ነበር፤ በኋላ አንድ ሲሆኑ አገርነቱን ለኅብረቱ ሰጥተው ስሙን ለራሳቸው አስቀሩት። ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «የምኖረው ቨርጂኒያ ስቴት ነው» ይላሉ፤ ቨርጂኒያ ግን በይፋዊ ስሟ «ኮመንዌልዝ» እንጂ «ስቴት» አይደለችም። ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው ወገናችን ደግሞ ስቴት ለመሆን በምትታገል ከተማ ነው የሚኖረው፤ የከተማዋ የመኪና ሰሌዳ እንኳ ያለ ውክልና ግብር ትከፍላለህ እያለ ያስታውሰዋል።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበቤ «ሪል ኢስቴት» የሚለውን ቃል አሳጥሮ «ሪል ስቴት» እያለ ሲጠራው በሰማሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ቃል በቃል ብንወስደው «እውነተኛው መንግሥት» እንደ ማለት ነውና። የአንዳንዶቹን አልሚዎች ጉልበት ያየ ሰው ስሕተት ነው ብሎ ለማረም ይቸገራል።

እንግሊዝኛው እንዲህ ዝንጉርጉር ቢሆንም አንድ ነገር ግን ይዟል፦ «ስቴት» እና «ገቨርንመንት» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው የሚቆየው ነው፤ ሁለተኛው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. በ1933 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ የተፈረመው የአሜሪካ አህጉር አገሮች ስምምነት አንድ «ስቴት» ሊኖሩት የሚገቡ አራት ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ወሰን፣ ገቨርንመንት፣ ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ። እስኪ ይህን ወደ አማርኛ መልሱት! «መንግሥት ማለት ሕዝብ፣ ወሰን፣ መንግሥትና የውጭ ግንኙነት ያለው ነው» ይሆናል። መንግሥት ከመንግሥት አራት ክፍሎች አንዱ ሆኖ አረፈው። ተማሪዎች ይህን በትምህርት ቤት ሲያጠኑ ምን እንደሚረዱ እግዜር ይወቀው።

የኛ «መንግሥት» ከግእዙ «ነግሠ» የመጣ ነው፤ መንገሥ፣ የንጉሥነት ሥራ። ሕዝበ ክርስቲያኑ በየዕለቱ ጸሎቱ እንድትመጣ የሚለምናት መንግሥት ይህችው ናት፤ በገነት ተስፋ የምናደርጋትም መንግሥተ ሰማያት። ንጉሥ በነበረ ጊዜ ቃሉ አላስቸገረም። ዙፋኑ፣ አገሩ፣ ሹማምንቱ፣ ሕጉ ሁሉ ከአንድ ሰው ይመነጫሉ ተብሎ ስለሚታመን አንድ ቃል በቂ ነበር። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የዚያ ዘመን ሕገ መንግሥት ነው ማለት ይቻላል። በ1923 ዓ.ም. የተጻፈ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታወጅ «ሕገ መንግሥት» ተባለ፤ መንግሥቱን የሚገዛ ሕግ ይሁን መንግሥቱ የሚሰጠው ሕግ፣ ዘርፉ አይነግረንም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ሲወጡ ቃሉ አብሯቸው አልወጣም። ወታደሮቹ «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ብለው ያንኑ ስም ወረሱት። ዙፋኑ ወደ ሙዚየም ሲገባ ቃሉ ወደ ቀበሌ ወረደ። ይህ የአማርኛ ብቻ በሽታ አይደለም፤ የኦሮምኛው «ሞቱማ»ም ከ«ሞቲ» ማለትም ከንጉሥ የተወለደ ነው። ለዓለም አቀፉ ድርጅት ያወጣነውን ስም ተመልከቱ። እንግሊዞቹ «የተባበሩ ኔሽንስ» ሲሉት፣ ትግርኛው «ሕቡራት ሃገራት» ሲለው፣ እኛ «የተባበሩት መንግሥታት» አልነው። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የገባችበትን የቀድሞውንም «የመንግሥታት ማኅበር» ብለነው ነበር። በኛ አእምሮ ውስጥ በጄኔቫም ሆነ በኒውዮርክ የሚሰበሰቡት ሕዝቦች ሳይሆኑ ገዥዎች ናቸው። (እውነቱን ለመናገር በዚህ አልተሳሳትንም።)

«ቃል ነው፤ ምን ያመጣል?» የሚል ወዳጅ አለኝ። የሚያመጣውን ላሳየው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንደኛ አንቀጽ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ስቴት» የፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ስም እንደሚኖረው ይደነግጋል። በአማርኛው ይህን ስም የሚይዘው «የኢትዮጵያ መንግሥት» ነው። አንቀጽ 106 ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ስለዚህ የሚያሸንፈው «መንግሥት» ነው። አንቀጽ 40 ንዑስ ቁጥር 3 ላይ ስንደርስ ነገሩ ከሰዋስው ወደ እርሻ ማሳ ይገባል፤ የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። በእንግሊዝኛው «ስቴት» ነው። «ስቴት» ከሆነ ገበሬው ራሱም አንድ አካሉ የሆነበት፣ ከአባቱ በፊት የነበረ፣ ከልጁ በኋላም የሚኖር ነገር ነው የባለቤትነት መብት የያዘው። «ገቨርንመንት» ከሆነ ግን ባለቤቱ ሰኞ ጠዋት ማኅተም ይዞ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ገበሬው የትኛውን ይሰማል? መልሱን ከግራሩ ሥር ሰምቼዋለሁ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን «የሕዝብ ሀብት» ብሎት ነበር፤ ደርግ ሕዝቡን ስላከበረ ነው አልልም፤ ከ20 ዓመት በኋላ «መንግሥት» ከሕዝብ ፊት ቀድሞ ስሙን ማስጻፉን ግን ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ።

የወንጀል ሕጉም እንዲሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በእንግሊዝኛው «በስቴት ላይ» የሚፈጸሙ ወንጀሎች የሚላቸውን በአማርኛው በመንግሥት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ይላቸዋል። የሕግ ባለሙያ ልዩነቱን ያውቃል፤ ፖሊሱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ምስክሩ ግን አማርኛውን ነው የሚያውቁት። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተቃዋሚ መሪዎችና ጋዜጠኞች ሕገ መንግሥቱን ለመናድ ሞክረዋል በሚል ተከስሰው ታሠሩ፤ ብዙዎቹ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በየሻይ ቤቱ ስንከራከር የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «መንግሥትን ተቃወሙ፤ ታዲያ ምን ይጠበቃል?» ይህን የሚሉት የገዥው ፓርቲ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ለእስረኞቹ የሚያዝኑትም ይሉት ነበር። ቃሉ ራሱ ፍርድ ሰጥቶ ስለጨረሰ ችሎቱ ትርፍ መስሎ ነበር።

ከዚህም የባሰው የመምህሩ ነው። «የመንግሥትን ደመወዝ እየበላህ መንግሥትን ትቃወማለህ?» ያልተባለ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አገር የሚገኝ አይመስለኝም። በአማርኛ ሲነገር እንዴት ያለ የማያፈናፍን ክርክር ነው! እስኪ ቃላቱን ለያይታችሁ ተመልከቱት። ደመወዙን የሚከፍለው ከግብር ከፋዩ የሚሰበስበው ስቴት ነው፤ መምህሩ የተቃወመው ደግሞ በዚህ ዓመት ሥልጣን የያዘውን ገቨርንመንት ነው። ክርክሩ ወዲያው ይፈርሳል። እንግሊዞች «የግርማዊነታቸው ታማኝ ተቃዋሚ» የሚሉት ነገር አላቸው። አባባሉ እ.ኤ.አ. በ1826 ጆን ካም ሆብሃውስ የተባለ የምክር ቤት አባል በቀልድ የጣለው ነበር፤ ቀልዱ ግን መርሕ ሆኖ ቀረ። ሰውየው ለዘውዱ ታማኝ ነው፤ ለዘውዱ ሚኒስትሮች ግን ተቃዋሚ ነው። «ታማኝ ተቃዋሚ» የሚለውን ወደ አማርኛ ብንመልሰው ሰላይ የምንለው ይመስለኛል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ተቃዋሚ» የሚለው ቃል ሻካራ ነው ተብሎ «ተፎካካሪ» በሚል ተተካ። ጨዋ ቃል ነው፤ ግን የተለወጠው ስሙ እንጂ ባላጋራ የሚሆነው አካል አልነበረም። ችግሩ ከ«ተቃዋሚ» ሳይሆን ከተቃዋሚው ፊት ከቆመው ቃል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው «ስቴት» ልሻገር፤ ወደ አገር ክፍሉ። አሜሪካን «የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት» እንል ነበር፤ ዛሬም የሚል አለ። ስለዚህ ቴክሳስ «መንግሥት» ነው። የራሳችንን ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛ የሚያነብ ዲፕሎማት የትግራይን፣ የኦሮሚያን፣ የአማራን፣ የሶማሌን ስም «ስቴት» ከሚል ቃል ጋር ያገኘዋል፤ በ1987 ዘጠኝ የነበሩት ዛሬ 12 ደርሰዋል። ያ ዲፕሎማት በአእምሮው የሚስለው ቴክሳስን ነው። አማርኛው ግን «ክልል» ይላል። ክልል ከ«ከለለ» የወጣ ነው፤ መጋረድ፣ ማጠር፣ መከላከል። የአየር ክልል፣ ጥብቅ ክልል፣ ክልክል፣ ከለላ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከለላ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰው ሲሳደድ ከለላ ይሻል። አጥርም ግን ያው ነው። ቃሉን የመረጡት ሰዎች የትኛውን እንዳሰቡ በልባቸው ገብቼ አልፈርድም፤ የተሰማውን ግን እናውቃለን። «ወደ ክልልህ ሂድ» የሚል ንግግር በዚህች አገር ስንት ሰው ከቤቱ እንዳስነሣ የማያውቅ የለም። «ወደ መንግሥትህ ሂድ» ብሎ ማባረር አይቻልም፤ አያስኬድም። «ወደ ክልልህ ሂድ» ግን ያስኬዳል፤ አጥር ያለው ነገር ውስጥና ውጭ አለውና።

ሙሉ ስማቸው ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ነው፦ «ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት»። እዚህ ላይ «መንግሥት» ተመልሶ መጣ። «ብሔራዊ» የሚለውስ? ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ብሔራዊ መዝሙር ስንል የመላው ኢትዮጵያ ማለታችን ነው። «የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» ስንል ግን የመላው ኢትዮጵያ አለመሆኑን ማለታችን ነው። በግእዝ ብሔር አገር፣ ምድር ነው፤ እግዚአብሔር የሚለው ስም በዚህ ላይ ቆሟል። ፕሬዚዳንቱ በአንቀጽ 69 «ርዕሰ ብሔር» ናቸው፤ በእንግሊዝኛው «የስቴት ራስ»። በአንቀጽ 39 ደግሞ ብሔር በቋንቋና በባህል የሚተሳሰር ሕዝብ ነው። ለመሆኑ ርዕሰ ብሔሩ የየትኛው ብሔር ራስ ናቸው? ይህን ጥያቄ ለቀልድ ያነሣ አንድ ወዳጄ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩትን ለሁለት ከፍሎ አጣልቷቸዋል።

ይህ ሁሉ የተሰማቸው ሰዎች መኖራቸው አይካድም። በቅርብ ዓመታት ፖለቲከኞቻችንና ምሁራኖቻችን «ሀገረ መንግሥት» የሚል ቃል ይዘው ብቅ ብለዋል። «የሀገረ መንግሥት ግንባታ»፣ «ሀገረ መንግሥቱን ማጽናት» ሳይባል የሚያልፍ የፖለቲካ ውይይት ጥቂት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚቆየውን ከሚያልፈው ሊለዩት ፈልገዋል። እሰየው! ነገር ግን የግእዝ ዘርፍና ባለቤት የተማረ ሰው ቃሉን እስኪ ይፍታው። ሕገ እግዚአብሔር የእግዚአብሔር ሕግ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የክርስቲያን ቤት። ሀገረ መንግሥትስ? «የመንግሥት አገር» መሆኑ ነው። አገርን ከመንግሥት ለማላቀቅ የተፈጠረው ቃል አገሪቱን ጭራሽ በመንግሥት ስም አስመዘገባት። እንዲያውም ይህን ቃል አዘውትረው የሚጠሩትን ስሰማ፣ ሀገረ መንግሥቱ አደጋ ላይ ነው የሚሉት ብዙውን ጊዜ ካቢኔው ሲነቀፍ ነው። አዲሱ ቃል የአሮጌውን ጠባይ በጥቂት ዓመታት ለምዶታል።

ሌላ ምርጫ የለም ወይ? እኔ አለ ባይ ነኝ፤ ቃሉም እጃችን ላይ ነው። በሽግግሩ ዘመን ክልሎቹን «መስተዳድር» እንላቸው ነበር፤ የክልል መሪዎች ዛሬም «ርዕሰ መስተዳድር» ይባላሉ። ማስተዳደር ሥራ ነው፤ አስተዳዳሪ ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይወቀሳል። የዐዲስ አበባው ካቢኔስ ለምን «መስተዳድር» አይባልም? «የኢትዮጵያ መንግሥት» ለሚቆየው ነገር ይቅር፤ ለሕጉ፣ ለፍርድ ቤቱ፣ ለመዝገቡ፣ ለሠራዊቱ፣ ለመምህሩ። በምርጫ የሚመጣውና የሚሄደው ደግሞ መስተዳድር ይሁን፤ ከፈለግን የመሪውን ወይም የፓርቲውን ስም እንቀጽልለት። «መስተዳድሩን እቃወማለሁ» የሚል መምህር የመንግሥትን እንጀራ በላህ ቢባል መልስ አለው። ጋዜጠኞች ነገ ጠዋት ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው፤ አዋጅ አያስፈልገውም።

ወዳጄ እዚህ ላይ መልሶ እንደሚሞግተኝ አውቃለሁ። ጀርመኖች «ሽታት» እና «ሬጊሩንግ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነበሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለቱም በአንድ ፓርቲ እጅ ሲወድቁ ቃላቱ ማንን አዳኑ? አሜሪካኖችስ «ስቴት»ን ለ50ዎቹ ግዛቶቻቸው ስለሰጡ ሁለቱንም «ገቨርንመንት» ይሉ የለም ወይ? ታዲያ ፍርድ ቤቶቻቸው ፕሬዚዳንቶቻቸውን ያስቆማሉ። እውነቱን ነው። ቃል ለብቻው ማንንም አያስጥልም፤ መለያየቱን የሚሠራው ዳኛው ነው፣ የምርጫ ኮሚሽኑ ነው፣ ትእዛዝ ሲሰጠው «ይህ ሕጋዊ ነውን?» ብሎ የሚጠይቀው መኮንን ነው። እኔ የምለው ግን ይህ መኮንን ጥያቄውን ለራሱ የሚያቀርብበት ቃል ያስፈልገዋል ነው። በልቡ የሚያገለግለውን ከሚያዝዘው ለይቶ መጥራት ካልቻለ፣ ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት ይሞታል።

ደግሞስ ባዶ እጃችንን አይደለንም። አባቶቻችን ለሚቆየው ነገር ቃል ነበራቸው፤ የፈለግነው በተሳሳተ ቦታ ነው እንጂ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲደባደቡ የሚያልፍ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ መቆም ግዴታ ነበር። ዱላ የያዘ ይጥለዋል፤ ያልጣለ እንደ ዐመፀኛ ይቆጠራል። ተናጋሪው ሹም መሆን አልነበረበትም፤ ማንም መንገደኛ፣ ሴት ብትሆን፣ እረኛ ቢሆን፣ ያን ቃል ሲያወጣ ሕጉ በአፉ ይናገራል። አንዳንዴ «በምኒልክ አምላክ» ይባል ነበር፤ ያ የንጉሡ ነው። «በሕግ አምላክ» ግን ንጉሥ ሲለወጥ አልተለወጠም። ዛሬም የተበደለ ሰው «የሕግ ያለህ!» ይላል፤ «የመንግሥት ያለህ!» ይላል። ይህን የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የደንብ ልብስ በለበሰ ሰው ሲመታ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ በመንግሥት ሰው እየተመታ «የመንግሥት ያለህ» የሚል ሰው ሁለት መንግሥት እንዳለ ያውቃል። አንዱ የሚመታው ነው። ሌላው ደግሞ የለም፤ ግን መኖር እንዳለበት የሚጣራው።

ሽማግሌው ያኔ «ለየትኛው መንግሥት ነው አቤት የሚባለው?» ያሉት ይህንኑ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው፤ ልዩነቱን ከሁላችንም አብልጠው ያውቁት ኖሯል።

ከስምንት ወር ገደማ በኋላ የዚያ ጥናት ሪፖርት ቅጂ እጄ ገባ። ስለዚያች ወረዳ የተጻፈችው ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበረች። በአንደኛዋ፣ ከተሰብሳቢዎች አንዳንዶቹ መሬት በስቴት ባለቤትነት ሥር መሆኑን እንደሚቃወሙ ሰፍሯል። «እኔ መንግሥትን አልቃወምም» ያሉት ሽማግሌ በእኔ አንዲት ቃል የሕገ መንግሥቱ ተቃዋሚ ሆነው ተመዝግበዋል። የጠየቁትን ጥያቄ ደጋግሜ ፈለግሁት። በእንግሊዝኛ ትርጉም የሚሰጥ ስላልመሰላቸው ይሆናል፣ አልገባም።